ስም ሲጠፋ፣ ነቀፋ ሲበዛ፦ ክርስቲያን ምን ይመልስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያልሠራችሁት ነገር በስማችሁ ተወርቶ ያውቃል? ላልደረሰበት ሰው ስሜቱን ማስረዳት ይከብዳል። እህል አይወርድም። እንቅልፍ የለም። ጭንቅላት ውስጥ ችሎት ይከፈታል፤ ተከሳሹም ጠበቃውም ዳኛውም እናንተው ናችሁ፣ ችሎቱም አይነሳም። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ሰዎች በተለያየ ጊዜ አንስተውልኛል። ጥቂቶቹን እኔው ራሴን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ያውም በሌሊት።

ሐሜት፣ ስም ማጥፋት፣ ነቀፋ… ያው አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሐሜት ባለቤቱ በሌለበት የሚወራ ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ እውነት መሆኑ ግን ሐሜትነቱን አያስቀረውም። ስም ማጥፋት ሐሰት ነው፤ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ ወይም ሳይጣራ የሚነዛ። ነቀፋ ደግሞ ሥራችሁን ወይም ጠባያችሁን አይቶ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት ነው። ነቃፊው ሊሳሳት ይችላል፣ ልክም ሊሆን ይችላል።

ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መልሱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ያልጣመንን ነቀፋ በሙሉ «ስሜን አጠፉት» እንለዋለን። እንዲህ ካልነው በኋላ ደግሞ ጆሯችን ይዘጋል።

በነገራችን ላይ «ዲያብሎስ» የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ስም አጥፊ፣ በሐሰት ከሳሽ ማለት ነው። በራእይ 12፥10 ላይም «የወንድሞቻችን ከሳሽ» ተብሏል። ስለዚህ ስም ማጥፋትን እንደ አፍ ወለምታ ቀለል አድርጎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ የተቀመጠው ከ«አትግደል» እና ከ«አትስረቅ» ጎን ነው።

ወሬውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይለፍ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የጸሎት ኅብረት ውስጥ ለታመመ ወንድም የተዋጣ ገንዘብ እኔ ጋ ነበር። ግማሹን ወዲያው ሰጠሁ፤ ግማሹን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንድሰጥ ቤተሰቡ ራሱ ጠየቀኝ። በመሃል «ግማሹ የት ገባ?» የሚል ወሬ ተነሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ፣ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። የደረሰኞቹን ፎቶ አያያዝኩ። መጨረሻ ላይ ወሬውን ስለጀመረው ሰው የድሮ ጥፋት ሁለት መስመር ጨመርኩ። እነዚያ ሁለት መስመሮች፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉም በላይ ደስ አሰኙኝ። ልልከው ስል ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ድርግም አለ። ቻርጀሩ ሌላ ክፍል ነበር፤ ለመነሳት ደከመኝ።

ጠዋት ሳነበው ደረሰኞቹ ልክ ናቸው። ሁለቱ መስመሮች ግን ጥርት ያለ ሐሜት ነበሩ። ሰረዝኳቸው። የላክሁት ደረሰኞቹንና ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ገንዘብ ላዋጡት ሰዎች እንጂ ለሰው ሁሉ አይደለም። የባትሪው ማለቅ የእግዚአብሔር ሥራ ነበር ወይ ብትሉኝ አልከራከርም።

ስለዚህ ጻፉት፣ ግን አትላኩት። ሚስጥር ለሚጠብቅ አንድ ሰው ንገሩ፤ ለአንድ፣ ለአሥር አይደለም። የቀረውን ደግሞ ለእግዚአብሔር ንገሩት፣ ሳታሳምሩ። መዝሙር 109ን (በሌላው አቆጣጠር 108ን) አንብቡት። «በወደድኋቸው ፋንታ አጣሉኝ፥ እኔ ግን እጸልያለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው እርግማን ለጆሮ ይከብዳል። መዝሙረኛው ንዴቱን አልደበቀም። ወሰደውና የሚችለው ጌታ ፊት ዘረገፈው። ሰው ላይ ከመዘርገፍ በጣም ይሻላል።

የተወራው እውነት ከሆነስ?

እንግዲያው ስም ማጥፋት አይደለም። ማቴዎስ 5፥11ን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን ስንጠቅሰው አንድ ቃል እንዘላለን። «ሲነቅፉአችሁና ሲያሳድዱአችሁ በእኔም ምክንያት ክፉውን ሁሉ *በውሸት* ሲናገሩባችሁ ብፁዓን ናችሁ» ነው የሚለው። በውሸት፣ ደግሞም በእኔ ምክንያት። ብድሩን ያልመለሰ ሰው አበዳሪው በየቦታው ስሙን ቢያነሳ ስደት አልመጣበትም፤ ዕዳ ነው የመጣበት። ሐዋርያው ጴጥሮስም ከእናንተ ማንም እንደ ሌባ ወይም እንደ ክፉ አድራጊ ሆኖ መከራ አይቀበል ብሏል (1ኛ ጴጥ 4፥15)።

የሚያስቸግረው ከፊል እውነት ሲሆን ነው። አሥር ነገር ተብሎባችሁ ዘጠኙ ሐሰት፣ አንዱ እውነት ይሆናል። ሰው በተፈጥሮው ዘጠኙን ይዞ ይሟገትና አንዷን በዚያ ሽፋን ያሳልፋታል። ዳዊት እንደዚያ አላደረገም። ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ከተማውን ጥሎ ሲወጣ ሳሚ የሚባል የሳኦል ወገን በኮረብታው ጥግ ጥግ እየተከተለ ድንጋይ ይወረውራል፣ አፈር ይበትናል፣ «አንተ የደም ሰው» እያለ ይራገማል (2ኛ ሳሙ 16)። ከዳዊት ጋር የነበረው አቢሳ አንገቱን ልቁረጠው አለ። ዳዊት ተወው አለ።

ሳሚ ያለው ነገር በያዘው መልኩ ሐሰት ነበር። ዳዊት የሳኦልን ደም አላፈሰሰም፤ እንዲያውም እጁ ገብቶ ሳለ ሁለት ጊዜ ትቶታል። ግን «የደም ሰው» የሚለው ቃል በሌላ በር ገባ ብዬ አስባለሁ። ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው የኦርዮ ደም ነበረ። ሳሚ አላነሳውም፤ ዳዊት ግን ያውቃል። ክሱ ሐሰት ቢሆንም ቃሉ ልክ ቦታው ላይ አረፈ።

(የታሪኩን መጨረሻ ለማያውቅ፦ ዳዊት ሲመለስ ሳሚን ማረው፤ ሊሞት ሲል ግን ለልጁ ለሰሎሞን ስለ ሳሚ ሌላ ነገር አዘዘው፣ 1ኛ ነገ 2። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መጽሐፍ ቅዱስ ጀግኖቹን አይኳኩልም።)

ታዲያ ዝም ልበል ወይስ ልመልስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። አንድ መልስ የሚፈልጉ ሰዎች በመልሴ ይናደዳሉ።

ኢየሱስ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም አድርጓል። በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ዝም አላለም። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው (ዮሐ 18፥23)። አልተሳደበም፣ አልዛተም፤ ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሐሰት ምስክሮች ሲደረደሩበት ዝም አለ። ሄሮድስ በብዙ ቃል ሲጠይቀው አንድም አልመለሰም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሄሮድስ ተአምር ለማየት ሲጓጓ እንደነበር ሉቃስ ጽፏል። ትርዒት ነው የፈለገው። የሐሰት ምስክሮቹ ቃል ደግሞ እርስ በርሱ አልተስማማም ይላል ማርቆስ፤ ራሱን በራሱ እየናደ ላለ ነገር መልስ ምን ያደርጋል? ያ ሎሌ ግን፣ ማን ያውቃል፣ አንድ ጥያቄ ኅሊናውን ሊነካው ይችል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም «በብዔል ዜቡል አጋንንትን ያወጣል» ሲሉት ኢየሱስ ቁጭ ብሎ በምሳሌ አስረድቷል። እዚያ የሚሰማ ሕዝብ ነበር። ውሸቱ ሌላውን ሰው እያሳተ ነበር።

ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያርፋል። ለማወቅ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱለት። ውሸቱ የሚጎዳው ሌላ ሰው ካለ ተናገሩ። ልቡን አስቀድሞ የዘጋ ሰው ጋ ከሆነ ግን አፋችሁን አታድክሙ። ምሳሌ 26 ላይ ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ጥቅሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት»፤ ወዲያው ደግሞ «ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት»። ስህተት አይደለም። የቱ ጊዜ የቱ እንደሚሻል መለየቱን ለእናንተ ትቶላችሁ ነው።

ስንት ጊዜ እንደሚመለስም ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነህምያን የሚያህል የለም። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ተቃዋሚዎቹ እነ ሰንባላጥ «ና እንገናኝ» ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። አራት ጊዜ ያንኑ መልስ ሰጠ፦ ትልቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ ልወርድ አልችልም። በአምስተኛው የተከፈተ ደብዳቤ መጣ። ልብ በሉ፣ የተከፈተ! ደብዳቤ የሚታሸገው ሌላ ሰው እንዳያየው ነው፤ ይኼኛው ግን በመንገድ ያገኘው ሁሉ እንዲያነበው ክፍቱን ተላከ። «ልትነግሥ ነው፣ ልታምፅ ነው ተብሎ ተወርቷል» ይላል። ነህምያ መልስ ሰጠ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ከልብህ ፈጥረኸው ነው አለው። ከዚያ ጸለየና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

«ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» ተብሎ የለም? ራስን መከላከል ኃጢአት አይሆንም?

አይሆንም። ጥቅሱ የሚለው «ቀኝ ጉንጭህን» ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን ቀኝ ጉንጩን የሚመታው በመዳፉ ጀርባ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን የንቀት ጥፊ ነው ይሉታል፤ ትእዛዙም ስድብን በስድብ አትመልስ ማለት ነው። እውነትን አትናገር ማለት አይደለም።

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በአደባባይ ተገርፈው ታሰሩ። ሲነጋ ሹሞቹ «ልቀቋቸው» ብለው ላኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ማን ይጠላል? ጳውሎስ ግን አልወጣም አለ። የሮሜ ዜጎች ሆነን ሳለ በገሃድ ገርፈውን አሁን በስውር ሊያስወጡን? አይሆንም፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን (ሐዋ 16፥37)። ኩራት ይመስላል። እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ፦ በከተማው ገና የተወለደች ትንሽ ማኅበር ነበረች፣ የልድያ ቤትና የወህኒ ጠባቂው ቤተሰብ። መምህሮቻቸው እንደ ወንበዴ በጓሮ ቢወጡ ነውሩ የሚተርፈው ለእነሱ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ ታላቁ መቃርዮስ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረ መነኩሴ ነው። በወጣትነቱ አንዲት የመንደር ልጅ ከሌላ አርግዛ «የእሱ ነው» አለች። ሰዎች አንገቱ ላይ ማሰሮ አንጠልጥለው እየደበደቡ አዞሩት። አላስተባበለም። የሚሠራቸውን ቅርጫቶች እያሸጠ ገንዘቡን ለእሷ ይልክላት ነበር። ለራሱም «መቃርዮስ፣ እነሆ ሚስት አገኘህ፤ ጠንከር ብለህ ሥራ» ይል ነበር። የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ምጡ ጠናባትና እውነቱን ተናገረች። መንደርተኛው ተሰብስቦ ይቅርታ ሊጠይቀው ሲመጣ መቃርዮስ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አስቄጥስ በረሃ ሸሸ። ዱላውን የቻለ ሰው ውዳሴውን ፈራ።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ሕግ አድርጌ ግን ለማንም አልሰጥም። የመቃርዮስ ዝምታ ዋጋ ያስከፈለው ራሱን ብቻ ነው። ልጆች የምታሳድጉ ከሆነ፣ ወይም ሌሎች በእናንተ ስም የሚተማመኑ ከሆነ፣ ዝምታችሁን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ፍርድ ቤት መሄድስ ይቻላል?

ይቻላል። ጳውሎስ ራሱ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ 25፥11)። እሱው ደግሞ አማኞች ወንድም ከወንድሙ ጋር በማያምኑ ዳኞች ፊት መካሰሳቸውን ወቅሷል (1ኛ ቆሮ 6)። እንጀራችሁን፣ ቤተሰባችሁን ወይም ደኅንነታችሁን የሚነካ ውሸት ከሆነ ሕግ ለዚሁ ነው የተሠራው። «ላሳየው» ከሆነ ግን ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ ይቅርባችሁ።

እውነቱን በማስረጃ ካሳየሁ ስሜ ይጸዳል አይደል?

ላይጸዳ ይችላል። የእስክንድርያውን ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስን፣ አርሳንዮስ የሚባል ሌላ ጳጳስ ገድሎ እጁን ቆርጦ ለጥንቆላ ተጠቅሞበታል ብለው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ335 በጢሮስ በተደረገው ጉባኤ ላይ የተቆረጠ እጅ ሁሉ ቀርቦ ነበር። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አትናቴዎስ «አርሳንዮስን የሚያውቀው አለ?» ብሎ ጠየቀ። እናውቀዋለን አሉ። ተሸፋፍኖ የቆመን ሰው አስገባና ፊቱን ገለጠ። አርሳንዮስ ራሱ ነው፣ በሕይወት። ከዚያ የካባውን አንድ ወገን አንስቶ አንዱን እጅ አሳየ፤ ትንሽ ቆየና ሌላውን። ከዚያ ሦስተኛው እጅ የተቆረጠው ከየት ላይ እንደሆነ ያሳዩን አለ።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ጉባኤው ግን ያው ፈረደበት። ቀጥሎ ደግሞ ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል ሊያስቀር ዝቷል የሚል አዲስ ክስ መጣ፤ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስም በዛሬዋ ጀርመን ወዳለችው ትሪየር አጋዘው። በ45 ዓመት የጵጵስና ዘመኑ አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ ሲደመር 17 ዓመት ገደማ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ልክ ነው፤ ስንት ሌሊት እንደሚታደር ግን ተረቱ አይናገርም።

ያማኝ የገዛ ወንድሜ፣ አብሮኝ የሚጸልይ ሰው ከሆነስ?

ሂዱና ለብቻው አናግሩት። ማቴዎስ 18፥15 ግልጽ ነው፦ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨመር፤ ከዚያ በኋላ ነው ለማኅበሩ የሚነገረው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። መጀመሪያ ማኅበሩ ይሰማል፤ ባለቤቱ ጋ የሚደረሰው በመጨረሻ ነው፣ ከተደረሰ።

ስትሄዱ ደግሞ ተሳስቶም ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ካህኑ ዔሊ አፏን አፏን ያይ ነበር። ሰክራለች ብሎ ደመደመና ገሠጻት። በዚያ ሐዘን ላይ እንዲህ ያለ ቃል፣ ያውም ከካህን! «አይደለም፥ ጌታዬ ሆይ» አለችው፤ ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን፣ ምንም እንዳልጠጣች ነገረችው (1ኛ ሳሙ 1)። አክብሮቱን አልጣለችም፣ እውነቱንም አልዋጠችም። ዔሊም ወዲያው ቃሉን ቀየረና መረቃት። ከስም አጥፊዎች መካከል ብዙዎቹ ሰንባላጥ ሳይሆኑ ዔሊ ናቸው፤ ከሩቅ ከንፈር አይተው የፈረዱ።

«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ይላልና የቤተ ክርስቲያን መሪን መንቀፍ ይቻላል?

ይህ ጥቅስ ብዙ ግፍ ተሸፍኖበታል። በመዝሙር 105 ውስጥ የሚናገረው በባዕድ አገር ይንከራተቱ ስለነበሩት ስለ አባቶች፣ ስለ አብርሃምና ስለ ልጆቹ ነው። ነገሥታት እንዳይጎዷቸው ነው የተባለው። መሪ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ነቢዩ ናታን የተቀባውን ንጉሥ ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ 2፥11)። በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን በሁሉ ፊት ይገሠጻል (1ኛ ጢሞ 5፥19-20)። ሁለቱም ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያውን አጥብቆ የሚጠቅስ ሁለተኛውን ሲዘል ካያችሁ ጠርጥሩ።

በተለይ አንድ ነገር ልጨምር። በደል የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ አፍ አውጥታ ስትናገር «የአገልጋይ ስም ማጥፋት» ተብላ ዝም የምትሰኝበት ጊዜ አለ። ምስክር የሚፈለገው ክሱ እንዲመረመር እንጂ እንዲቀበር አይደለም። ወንጀል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ለሕግ ይቀርባል፤ በሽምግልና አይታለፍም።

እኔን ሳይሆን እምነቴን ሲሰድቡስ?

አስረዱ፣ «በየዋህነትና በፍርሃት» (1ኛ ጴጥ 3፥15)። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሮም ግዛት የሰው ሥጋ ይበላሉ፣ አምላክ የላቸውም ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ወሬ ሥጋውና ደሙ የሚለውን ከሩቅ ከመስማት የመጣ ይመስላል፤ ሁለተኛው ጣዖት ስለማያቆሙ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንጉሡ ለአንቶኒነስ ፒየስ መከላከያ ጻፈ። የጻፈው ስድብ አልነበረም። በእሑድ ቀን ተሰብስበን ምን እንደምናነብ፣ እንዴት እንደምንጸልይ፣ ኅብስቱና ጽዋው እንዴት እንደሚሰጥ፣ ለድሆች እንዴት እንደምንሰበስብ ይኸውላችሁ ብሎ በሩን ከፈተ። ዛሬ ስለ ጥንቱ የእሑድ አምልኮ ካሉን ቀደምት ገለጻዎች አንዱ ያ ጽሑፍ ነው። ያ ወሬ ባይኖር ኖሮ ምናልባት አይጻፍም ነበር።

ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ይቅር ልበለው?

አዎ። ግን ይቅር ማለትና ማመን አንድ አይደሉም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ብሏል፤ ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ግን ደጋግሞ ፈትኗቸዋል። ገንዘብ ያጠፋባችሁን ሰው ይቅር ብላችሁ ካዝናውን አለመስጠት ይቻላል። የስም ነገርም እንደዚያው ነው፤ ይቅር በሉት፣ ሚስጥራችሁን ግን አትንገሩት።

ሌላ ሰው ሲታማ እኔ ባለሁበት ከሆነስ?

«እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት ይጠፋል፤ ጆሮ ጠቢ በሌለበትም ዘንድ ጠብ ጸጥ ይላል» (ምሳሌ 26፥20)። እንጨቱ አንዳንዴ የእኛ ጆሮ ነው። ዝም ብሎ መስማት ብቻውን ማቀጣጠል ነው።

በእኛ በክርስቲያኖች ዘንድ ሐሜት የሚመጣበት ልዩ ልብስ አለ፦ «ለጸሎት እንዲሆን ነው የምነግርሽ።» እኔም ለብሼዋለሁ። አንድ ጊዜ የአንዲት እህትን የትዳር ችግር እንዲሁ «ለጸሎት» ብዬ ለሁለት ሰው ነገርኩ። ከሁለቱ አንዷ፣ «እሺ፣ አሁኑኑ እንጸልይላት» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጨነቀኝ። ለጸሎት ዝግጁ አልነበርኩማ! ወሬው ገና አላለቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህችን ዘዴ እኔም እጠቀምባታለሁ፤ ትሠራለች።

እኔ ራሴ የሰው ስም አጥፍቼ ከሆነስ?

ንስሐ ለእግዚአብሔር ብቻ ተነግሮ አያልቅም። ወሬው የደረሰው የት ነው? እዚያው ይመለስ። በቡድን መልእክት ከሆነ ያወራችሁት እዚያው ቡድን ውስጥ «ያልኩት ልክ አልነበረም» በሉ። ለአምስት ሰው በአፍ ከሆነ አምስቱን ፈልጉ። አብራችሁ ምክንያት አትደርድሩ። «ተሳስቼ ነበር፣ ግን እሷም…» ካላችሁ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ ማለት ነው።

ስሜን ያጠፋውን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም ልበለው?

በሉት። ገንዘብ አጎደለ ያለኝን ወንድም ከወራት በኋላ ደረጃ ላይ አገኘሁት፤ እኔ ስወርድ እሱ ሲወጣ። ማለፊያው ጠባብ ነው። «እንደምን አለህ?» አልኩት። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ደህና» አለና ጥግ ይዞ አሳለፈኝ። ያኔ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ማታ ስጸልይ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልናደድ ጠራሁት።